ወደ ጅዳ ትኬት ለምትገዙ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፦ «+1» የምትለዋን ሳታዩ ብር እንዳትከፍሉ

ወገኖቼ፣ በደላላ በኩል «ርካሽ» እየተባለ የሚሸጠውን የጅዳ፣ የሪያድና የዱባይ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

ወረቀቱ መነሻ 20:00፣ መድረሻ 23:00 ይላል። ደላላው ሁለቱን ቁጥሮች እያሳየ «አብሽሩ፣ ሦስት ሰዓት ናት» ይላችኋል። ከ23:00 ጎን ግን +1 የምትል ደቃቃ ጽሑፍ አለች፤ ጣቱ የሚሸፍነው እሷን ነው። «በማግስቱ» ማለት ነች። የአዲስ አበባና የጅዳ ሰዓት እኩል ስለሆነ ሒሳቡ ግልጽ ነው፦ ጉዞው 3 ሳይሆን 27 ሰዓት ነው። የሚበዛውን የምታሳልፉት በሰው አገር ኤርፖርት ወንበር ላይ ነው።

ልኩን እወቁ። ከአዲስ አበባ ጅዳ በአየር 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሪያድ ወደ 2,000፣ ዱባይ ወደ 2,500። ኪሎ ሜትሩን ለ800 አካፍላችሁ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ጨምሩበት፤ የቀጥታ በረራውን ሰዓት በግርድፉ ታገኛላችሁ። ጅዳ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ ያለው 400 ኪሎ ሜትር እንኳ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል! የተነገራችሁ ሰዓት ከዚህ ሒሳብ በብዙ ከራቀ ትራንዚት አለበት። ዱባይ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ከእኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ስለሆነ ስትሄዱ አምስት፣ ስትመለሱ ሦስት የሚመስለው በረራ ሁለቱም ጊዜ አራት ሰዓት ገደማ ነው።

ትራንዚት በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉው ሁለት የተለያየ ትኬት አጣብቆ እንደ አንድ መሸጥ ነው። እንዲህ ሲሆን ሻንጣችሁ በቀጥታ ጅዳ ላይደርስ ይችላል፤ መሀል ላይ ኢሚግሬሽን አልፋችሁ ለመውሰድ የዚያ አገር ቪዛ ሊያስፈልጋችሁ ይችላል። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ሁለተኛው አየር መንገድ አይጠየቅም፤ ብሩ ቀለጠ ማለት ነው። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ለብቻው የተቆረጠ ትኬትም እንደዚያው ነው። አንድ ትኬት ከሆነ ግን ቀጣዩን በረራ የመፈለግ ግዴታው የአየር መንገዱ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቀን ነው። ትኬቱ ጁላይ 12፣ 01:30 ካለ በእኛ ሐምሌ 5 ከሌሊቱ 7፡30 ነው። ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ቦሌ መገኘት ያለባችሁ ግን ሐምሌ 4 ከምሽቱ 4፡30 ላይ ነው፤ ሐምሌ 5 ጧት ከደሴ የተነሳ ሰው አውሮፕላኑ ሄዶለታል። በአውቶቡስ የምትመጡ ሐምሌ 3 ግቡ፤ መንገድ አይታመንም።

ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ ብቻ ይዛችሁ ደግሞ ትኬት አለን አትበሉ። እሱ ቦታ መያዣ ነው፤ ካልተከፈለበት በራሱ ይሰረዛል። የተቆረጠ ትኬት 13 አኃዝ ያለው ቁጥር አለው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ071፣ የሳዑዲያ በ065 ይጀምራል። ደላላው ፊት ሆናችሁ ኮዱንና ፓስፖርቱ ላይ «Surname» ተብሎ የተጻፈውን ስማችሁን፣ እዚያ እንዳለው አድርጋችሁ፣ አየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ አስገቡ፤ ወይም ቢሮው ሄዳችሁ አስነብቡ። «ሲስተም የለም፣ ማታ እልክላችኋለሁ» ካለ ቀብድም አትስጡት።