ካምፓኒ ውስጥ ዳቦ አገኘሁ፦ ስለ ኢቲሞንላይን

የእህቴ ልጅ እንግሊዝኛ እያጠና «ካምፓኒ ማለት ድርጅት አይደል እንዴ? ታዲያ እዚህ ጋ ለምን ከሰው ጋር አብሮ መሆን ይላል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ስልኬን አወጣሁና ኢቲሞንላይን ላይ ቃሉን ጻፍኩ።

ለማያውቀው፣ ኢቲሞንላይን የእንግሊዝኛ ቃላት ከየት እንደመጡ የሚናገር የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት ነው። ያዘጋጀው ዳግላስ ሃርፐር የሚባል አሜሪካዊ ነው። በነፃ ይነበባል፣ ለስልክም አፕ አለው።

መልሱ ዳቦ ሆኖ ቁጭ አለ! ካምፓኒ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከድሮ ፈረንሳይኛ ነው፣ ሥሩ ግን ላቲን ነው፤ «ኮም» አብሮ፣ «ፓኒስ» ደግሞ ዳቦ። ዳቦ አብረው የሚበሉ ሰዎች ማለት ነው። ንግድ የሚለው ትርጉም በኋላ የመጣ ነው። ልጁ የጠየቀኝ «አብሮ መሆን» እንግዲህ የቃሉ ዋናው ነገር ነበር። እኛ ኩባንያ የምንለውም የጣሊያኑ «ኮምፓኒያ» ዘመድ ነው። ባልንጀራንስ ብትሉ? ብዙ ሰው «ባለ እንጀራ» ብሎ ነው የሚፈታው። ይህን ስነግረው ልጁ እርሳሱን አስቀምጦ «እውነትሽን ነው?» አለኝ።

በጣም የምወድለት ነገር አንዱ ቃል ወደ ሌላው መውሰዱ ነው። ከ«ፓኒስ» ተነስተን «ፓንትሪ» (የምግብ ማስቀመጫ ክፍል) ጋ ደረስን፣ እሱም መጀመሪያ ዳቦ የሚቀመጥበት ክፍል ነበር። «ዊንዶው» ከድሮ ኖርስ (ከጥንቱ የስካንዲኔቪያ ሰዎች ቋንቋ) የመጣ ሲሆን «የነፋስ ዓይን» ማለት ነው። «ጉድባይ» ደግሞ እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን የሚለው ምርቃት እያጠረ እያጠረ ሄዶ የቀረው ነው። ቃሉ በጽሑፍ መቼ አካባቢ እንደታየም ስለሚነግር ትርጉሙ እንዴት እንደተቀየረ በቅደም ተከተል ይታያል።

ጉድለትም አለው። አጻጻፉ ለጀማሪ ይከብዳል። ከአንዳንድ ቃላት ፊት ያለው የኮከብ ምልክት ምን እንደሆነ እስኪገባኝ ብዙ ቆየሁ። ለካ ቃሉ ተጽፎ የተገኘ ሳይሆን ምሁራን ዘመድ ቋንቋዎችን እያወዳደሩ «እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» ብለው የገነቡት ነው። ደግሞ ቃሉን ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት እንደምንጠቀምበት ለማወቅ ብዙም አይረዳም፣ ለዚያ ሌላ መዝገበ ቃላት ጎን ለጎን መያዝ ያስፈልጋል። ለፈተና ቃላት በቃሉ ለሚሸመድድ ተማሪ ግን አጥብቄ እመክረዋለሁ፣ ምክንያቱም ታሪኩን ያወቁት ቃል በቀላሉ አይረሳም። እኔ ከ5 4 ሰጥቼዋለሁ።

ትናንት ጠዋት ልጁ ራሱ «ብሬክፋስት»ን ፈልጎ አገኘ። የሌሊቱን ጾም መፍታት ማለት መሆኑን አነበበልኝና ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ «የኛው ቁርስም ከመቁረስ ነው ማለት ነዋ!» አለኝ።