ክሮም ያለበት ዝቃጭ ለማድረቅ፦ ጂኦቲዩብ ወይስ ፊልተር ፕሬስ?

ሞጆ ቆዳ ፋብሪካ የሚሠሩ ጓደኞቼ ሁሌ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፣ ከቆሻሻ ውሃ ገንዳው ስር ዝቀን ያወጣነውን፣ ቆዳ የምናለፋበት ክሮም ያለበትን ዝቃጭ ውሃውን በምን እናውጣለት? እኔ ሳልሸፋፍን ፊልተር ፕሬስ (ዝቃጩን ጨርቅ በለበሱ ሰሌዳዎች ማለትም ፕሌቶች መካከል በግፊት የሚያጣራ ማሽን) ግዙ ነው የምለው፣ ምክንያቱም የብር ጉዳይ ነው።

ሰው የሚያየው የማሽኑን ዋጋ ብቻ ነው። 100 ሜትር ኪዩብ ዝቃጭ አላችሁ እንበል፣ ደረቁ ነገር 3 ፐርሰንት ከሆነ 3 ቶን ገደማ ነው። ክሮም ያለበት ዝቃጭ እንደ ተዘፈዘፈ ተልባ ውሃውን ይዞ አይለቅም፣ ቤልት ፕሬስ (በቀበቶ የሚጨምቅ ማሽን) ወይ ዲካንተር (በፍጥነት አሽከርክሮ ውሃውን የሚለይ ማሽን) ደረቁን 20 ፐርሰንት ካደረሰላችሁ ተመስገን ነው፣ ያ ማለት 15 ቶን ትጭናላችሁ። ፊልተር ፕሬስ በደንብ ከተሠራበት 35 ፐርሰንት ይገባል፣ ያኔ 8 ቶን ተኩል ብቻ። ስድስት ቶን ተኩል ውሃ ለማመላለስ ነው እንግዲህ ሲኖትራክ የምትከራዩት፣ የመቅበሪያውን ቦታም የሚሞላው እሱ ነው፣ ናፍጣ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ይብሳል።

ጂኦቲዩብ (ዝቃጭ ተሞልቶበት ውሃውን በጨርቁ የሚያንጠባጥብ ትልቅ ከረጢት) ሲገዙት ርካሽ ነው፣ አይካድም። ኒውዮርክ ውስጥ ኦኖንዳጋ ሐይቅን በፈረንጆቹ ከ2012 እስከ 2014 ሲጠርጉ ሜርኩሪ ያለበትን ደለል በሱ ነው ያጠለሉት፣ ግን ሰፊ ቦታ፣ ከስሩ ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ፣ ለሚወጣው ውሃ ደግሞ ራሱን የቻለ ማጣሪያ ነበራቸው። እናንተ በየጊዜው ዝቃጭ የሚወጣላችሁ፣ ግቢያችሁ ጠባብ፣ ክረምት ሲመጣ ዝናቡ የሚወርድበት፣ ከረጢቱም አንዴ ከሞላ አለቀ፣ ሌላ መግዛት ነው። የሚንጠባጠበውን ካልሰበሰባችሁት ሞጆ ወንዝ ይገባል፣ ከዛ ቆቃ፣ ሰው ከብት የሚያጠጣበት ውሃ ነው!

አሁን ዋናው ነገር፣ ኮፒ ፊልተር ፕሬስ እንዳትገዙ። አንድ የማውቀው ፋብሪካ ግማሽ ዋጋ ነው ተብሎ አዲስ ገዛ፣ ፕሌቶቹ ከተፈጨ አሮጌ ፕላስቲክ የተሠሩ ነበሩ፣ ብዙም ሳይቆዩ ተጣመሙ፣ በየጎኑ ጭቃ ይረጫል፣ አንዱ ፕሌት ሲሰነጠቅ ግፊቱ ጎረቤቱን ይዞት ይሄዳል፣ መለዋወጫ ሲፈለግ ደግሞ መጠኑ ከማንም ፕሌት ጋር አይገጥምም፣ ማሽኑ ቆሞ ዶላር ጥበቃ። ከአዲስ ኮፒ ያገለገለ ኦሪጅናል በስንት ጣዕሙ። ፕሌቱ 800 ወይ 1000 ሚሊሜትር ይሁን፣ በየትም ይገኛል፣ ከመክፈላችሁ በፊት ቀጥ ያለ ብረት ጠርዙ ላይ አጋድማችሁ ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ እዩ፣ ካሳለፈ ተጣሟል ማለት ነው። የማጣሪያ ጨርቁንም ለሁሉም ፕሌቶች የሚበቃ ሁለት ሙሉ ቅያሪ አብራችሁ አስመጡ፣ ኋላ ለብቻው ማስመጣት ያስለቅሳል።

ማንኛውንም ማሽን ብትገዙ ክሮሙን ለማዝቀጥ የምትጨምሩትን ኖራ አታብዙ። ክሮም ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) 8.5 እስከ 9 አካባቢ ላይ ጥሩ ይዘቅጣል፣ ከዛ በጣም ካለፈ ተመልሶ ይሟሟል፣ ጨርቁንም ኖራው ይደፍነዋል። ፖሊመርም (ዝቃጩን የሚያቋጥር ኬሚካል) በኪሎ ርካሹን ሳይሆን በራሳችሁ ዝቃጭ በባልዲ ሞክራችሁ በትንሹ የሚሠራውን ግዙ። ሽታ ለማጥፋት ብላችሁ በረኪና እንዳትጨምሩ፣ ክሮሙን ወደ መርዛማው ክሮም ስድስት ይቀይረዋል። ጨርቅ በአሲድ ስታጥቡም ሰልፋይድ ያለበት የፀጉር ማንሻው ውሃ አጠገቡ አይድረስ፣ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።