በጃቫ ክላስ ላይ ምልክት ማኖር፦ ባዶ ኢንተርፌስ ወይስ አኖቴሽን?

ለሐዋሳ ዓሣ ነጋዴዎች የሽያጭ ፕሮግራም ስትጽፉ «ቆሮሶ» እና «አምባዛ» የተባሉት ክላሶች «ቶሎ የሚበላሽ» የሚል ምልክት ይፈልጋሉ እንበል።

ባዶ ኢንተርፌስ (ምንም ሜተድ የሌለው) ራሱ ታይፕ ስለሆነ፣ ምልክቱ የሌለው ዕቃ ይህን ታይፕ ወደሚጠይቅ ሜተድ ሲላክ ኮምፓይለሩ (ኮዱን የሚተረጉመው ፕሮግራም) እዚያው ያስቆመዋል። አዎ ወይም አይደለም ብቻ ከበቃችሁ እሱን ያዙ፤ ይህ ጥበቃ በቀላሉ የሚተው አይደለም።

«በ2 ቀን ይበላሻል» ለማለት ግን አኖቴሽን (በ@ የሚጀምር፣ ተጨማሪ መረጃ መያዝ የሚችል ምልክት) ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2004ቱ ጃቫ 5 ጀምሮ አለ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ሪቴንሽኑ (ምልክቱ እስከ የት እንደሚቆይ የሚወስነው ቅንብር) ላይ ነው። «ራንታይም» ተብሎ ካልተጻፈ ምልክቱ ክላስ ፋይሉ ውስጥ ይቀራል፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ በሪፍሌክሽን (ፕሮግራሙ የራሱን ክላሶች በሚመረምርበት መንገድ) ብትፈልጉት ያለ ምንም የስህተት መልእክት ናል (ባዶ) ይመለሳል። ንዑስ ክላስ እንዲወርሰው ደግሞ አኖቴሽኑ ሲበየን «ኢንሄሪትድ» ጨምሩበት፤ ኢንተርፌስ ላይ የተለጠፈውን ግን ይህም አያስተላልፈውም።