የሲዜድ 75 ቅጂ፦ ከወራት በኋላ ያገኘሁት ሽጉጥ

ርካሽ የሽጉጥ ቅጂ ስትገዙ ዋጋው የሚቀንሰው በዋናነት ከብረቱ አይደለም። ከሞረዱ ነው። ውድ ሽጉጥ ላይ ባለሙያ ተቀምጦ ጠርዙን ይሞርዳል፣ ምላጩን ያለሰልሳል፣ ካዝናውን፣ ማለትም ጥይት የሚሞላበትን መያዣ፣ እያስገባና እያወጣ ይፈትሻል። ርካሹ ላይ ይህ ሥራ ለገዢው ይተዋል። እኔ የሲዜድ 75 ቅጂ ገዝቼ ወራት ተጠቅሜበታለሁ። ከሺህ በላይ ጥይት ተኩሼበታለሁ። በጣም ወድጄዋለሁ። ግን ከካርቶኑ ሲወጣ የነበረው ሽጉጥና ዛሬ እጄ ላይ ያለው አንድ አይደሉም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ቅጂ ማለት ፎርጅድ ማለት አይደለም። ሽጉጡ ላይ የራሱ ፋብሪካ ስምና የራሱ ተከታታይ ቁጥር አለ። የተቀዳው ንድፉ ነው። ለምን በዚህ ብዛት እንደተቀዳ ደግሞ ታሪክ አለው።

ሲዜድ 75ን የነደፈው ፍራንቲሼክ ኮውትስኪ የሚባል የቼኮዝሎቫኪያ መሐንዲስ ነው። ዓመቱ በስሙ ላይ አለ፤ እ.ኤ.አ. 1975። አገሪቱ ያኔ በሶቪየት ጎራ ውስጥ ነበረች። ሽጉጡ ግን የተሠራው ምዕራባውያን ለሚጠቀሙበት 9 በ19 ሚሊሜትር ጥይት ነው። ታስቦ የነበረው ለውጭ ገበያ ነዋ። የፈጠራ መብቱ ታዲያ አገር ውስጥ በምስጢር ተመዘገበ። በምስጢር የተያዘ ነገር ደግሞ ውጭ አገር ማስመዝገብ አይቻልም። ንድፉ ከድንበር ማዶ ባለቤት አጣ። የጣሊያኑ ታንፎሊዮ ቀዳው። የቻይናው ኖሪንኮ ቀዳው። የቱርክ ፋብሪካዎች ያዙት። እስራኤል ደግሞ ከታንፎሊዮ በመጡ ክፍሎች ላይ ተመሥርታ እ.ኤ.አ. በ1990 ጄሪኮ 941ን አወጣች። እኔ የገዛሁት ከዚህ ሰፊ ቤተሰብ አንዱን ነው። የምለው ነገር አብዛኛው ለሌሎቹም ስለሚሠራ የፋብሪካው ስም ብዙም አያስፈልገንም።

የምጠቀምበት ለኢላማ ተኩስ ብቻ ነው። ፈቃዱ ከሽጉጡ በፊት ወጥቷል። ሌላ መንገድ ባይታሰብ ይሻላል።

እጅ ላይ ሲገባ መጀመሪያ የሚሰማው ክብደቱ ነው። ሙሉ ብረት ነው፤ ባዶውን 1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቀኑን ሙሉ ወገቡ ላይ ለሚይዝ ሰው ይከብዳል። ለኢላማ ግን ይህ ክብደት ስጦታ ነው፤ ርግጫውን ይውጠዋል። እጀታው ደግሞ መዳፍ ውስጥ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ቅጂው ከኦርጅናሉ ምንም አላጎደለም። ብዙ ሽጉጥ ይዣለሁ፤ ጣቶቼን ሳላስተካክል ወደ ኢላማው ቀጥ የሚልልኝ ይሄኛው ነው።

ስላይዱ፣ ማለትም ላይኛው ተንሸራታች ብረት፣ ልዩ ነው። አብዛኛው ሽጉጥ ላይ ስላይዱ የታችኛውን አካል ከውጭ ያቅፋል። እዚህ ግን ወደ ውስጥ ገብቶ በአካሉ ግድግዳዎች መካከል ይሄዳል። ከእሱ በፊት የስዊዘርላንዱ ሲግ ፒ210ም እንዲህ ነበር። ጥቅሙ አፈሙዙ ወደ እጅ ቀረብ ማለቱ ነው። ሽጉጡ ሲተኮስ ብዙም አይዘልም፤ ቶሎ ወደ ኢላማው ይመለሳል። ጉዳቱ ደግሞ ስላይዱን ለመሳብ የሚያዘው ቦታ ጠባብ መሆኑ ነው። እጅ ላብ ካለው ወይም ዘይት ከነካው ያንሸራትታል። ፋብሪካው የቆረጣቸው ጥርሶችም ጥልቅ አይደሉም። እስካሁን የምነጫነጭበት ነገር ይሄ ነው።

አሁን ወደ ሞረዱ እንምጣ።

መጀመሪያ ሰሞን ሽጉጡን መፍታት ራሱ ሥራ ነበር። አፈታቱ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ካዝናውን አውጡ። ጥይት አለመጉረሱን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ስላይዱን ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ኋላ ስባችሁ በስላይዱና በአካሉ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ምልክቶች አግጥሙ። ከዚያ የስላይድ ማቆሚያውን ከቀኝ በኩል ገፍታችሁ በግራ አውጡ። የእኔው በጣት አልገፋም አለ። በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ አድርጎ መምታት ነበረብኝ። ዛሬ በአውራ ጣት ይወጣል። ብረት ከብረት ጋር እየተላመደ ሄዷል።

ምላጩም እንደዚያው። ይህ ሽጉጥ ሁለት ዓይነት ስበት አለው። መዶሻው፣ ከሽጉጡ ጀርባ ያለው መምቻ ማለቴ ነው፣ ወርዶ ከሆነ የመጀመሪያው ስበት ረጅምና ከባድ ነው፤ መዶሻውን ራሱ አንስቶ ይመታል። ከዚያ በኋላ ስላይዱ መዶሻውን ስለሚወጥረው ስበቱ አጭርና ቀላል ይሆናል። ረጅሙ ስበት ሲመጣ አሸዋ ላይ እንደሚጎተት ብረት ይንገጫገጭ ነበር። ምንም አላስሞረድኩም። ውስጡ ያሉት ጠርዞች በተወሰነ ማዕዘን የተቆረጡ ናቸው፤ ያለ ዕውቀት የነካቸው ሰው ምላጭ ሳይሳብ የሚተኩስ ሽጉጥ ይዞ ሊቀር ይችላል። ያደረግኩት በልምምድ ጥይት፣ ማለትም ባሩድ በሌለው አስመሳይ ጥይት፣ ደጋግሜ መሳብ ብቻ ነው። የልምምድ ጥይት ያልኩት በምክንያት ነው። ባዶውን ብዙ ከተሳበ መምቻ መርፌውንና እሱን የምትይዘውን ፒን ይጎዳል። አሁን ስበቱ ለስልሷል። ክብደቱ ግን ያው ነው።

ካዝናዎቹ ላይ ነው እውነተኛው ፈተና የነበረው። ሽጉጡ ሁለት ካዝና ይዞ መጣ። መተኮስ ስጀምር አልፎ አልፎ ይነክስ ነበር፤ ጥይቱ አፍንጫውን አንስቶ መግቢያው ላይ ይሰነቀራል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሽጉጡን ረግሞ ሊሸጠው ያወጣል። እኔ ካዝናዎቹ ላይ በቀለም 1 እና 2 ብዬ ጻፍኩ። በነከሰ ቁጥር የትኛው እንደነበረ መዘገብኩ። ሁልጊዜ 2 ነበር። ከንፈሮቹ፣ ጥይቱን ከላይ የሚይዙት ጠርዞች ማለቴ ነው፣ ከ1 ጋር ሲነጻጸሩ ሰፍተዋል። 2ን አስወግጄ ሌላ ገዛሁ። መንከሱ ቆመ። ሽጉጡ ምንም ጥፋት አልነበረበትም። ቅጂ የገዛ ሰው ሌላውን ምክሬን ሁሉ ቢረሳ እንኳ ካዝናው ላይ ቁጥር ይጻፍ።

ሌላ ካዝና ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። «የሲዜድ 75 ነው» መባሉ አይበቃም። በቅጂዎቹ መካከል ካዝናውን የሚይዘው ጥርስ የሚገባበት ቀዳዳ ቦታ ሊለያይ ይችላል። ገብቶ «ቀጭ» ማለቱን፣ ሲሞላም ባዶውንም መያዙን፣ የመጨረሻው ጥይት ሲተኮስ ስላይዱን ክፍት ማስቀረቱን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።

ጥይት ላይም ምርጫ አለው። ክብ አፍንጫ ያላቸውን፣ 8 ግራም ገደማ እርሳስ ያላቸውን ሁሉንም ይበላል። አፍንጫቸው የተቦረቦረውን አንዳንዱን ይወዳል፣ አንዳንዱን ይተፋል። መግቢያው ላይ ያለው ቁልቁለት እንደ መስታወት ስላልተወለወለ ይመስለኛል። ኢላማ ለመምታት ክብ አፍንጫ ስለሚበቃ አላስጨነቀኝም። ራሱን ለመከላከል የሚገዛ ሰው ግን የመረጠውን ጥይት ገዝቶ፣ ብዙ ተኩሶ፣ አንድም ሳይነክስበት ካላየ አይመን። እዚህ ላይ ነው ርካሽ ሽጉጥ ርካሽ የማይሆነው። ከዋጋው የተረፈው ገንዘብ ጥይት ይሆናል። እኔ በዚህ አልከፋም፤ ያ ሁሉ ጥይት እጄንም አሠልጥኖታል።

አመታቱስ? ከ15 ሜትር ደግፌ ስተኩስ ጥይቶቹ ተሰብስበው ያርፋሉ። ግን ተሰብስበው ወደ ግራ ነበር የሚያርፉት። ቀኝ እጅ ለሆነ ሰው ወደ ግራ መሄድ ብዙ ጊዜ የጣት ጥፋት ነው። ስለዚህ ማነጣጠሪያውን ከመንካቴ በፊት ከእኔ የተሻለ ተኳሽ እንዲሞክረው ሰጠሁት። ለእሱም ወደ ግራ ሄደ። ያኔ የኋላውን ማነጣጠሪያ በናስ ዘንግ እየመታሁ በጥቂቱ ወደ ቀኝ አስጠጋሁት። ሕጉ ቀላል ነው፤ የኋላው ማነጣጠሪያ ጥይቱ እንዲሄድ ወደምትፈልጉት አቅጣጫ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።

ቀለሙ ደካማ ነው። አፎት በሚነካው ጫፍ ላይ ነጣ ብሏል። ላብ የነካውን ቀን ካልወለወልኩት ዝገት ነጠብጣብ ይጀምራል። ስላይዱ የሚሄድበት ሐዲድ ረጅም ስለሆነ ዘይት ይወዳል፤ ግን ቀጭን ሽፋን እንጂ ጎርፍ አይደለም። ከተኩስ በኋላ ቀለሃ አውጪውን ጥፍር ሥር በጥርስ ብሩሽ እጠርጋለሁ። ጥቀርሻው የሚጠራቀመው እዚያ ነው።

ከሁሉ በላይ መጠየቅ ያለበትን ነገር ብዙ ገዢ አይጠይቅም። መምቻ መርፌውን የሚያግድ ውስጣዊ መቆለፊያ አለው ወይ? የመጀመሪያው ሲዜድ 75 አልነበረውም። በኋላ የመጣው 75 ቢ ነው ያስገባው። ቅጂዎቹ ግን አንዳንዶቹ ከፊተኛው፣ አንዳንዶቹ ከኋለኛው ነው የተቀዱት። መቆለፊያው ከሌለ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ በአፈሙዙ ቢወድቅ ሊተኩስ ይችላል። የእኔው አለው። ያም ሆኖ መዶሻውን ያለ ተኩስ የሚያወርድ ማንሻ የለውም፤ ያለው በእጅ የሚቆለፍ መጠበቂያ ብቻ ነው። ጥይት ጎርሶ እያለ ምላጭ ስቦ መዶሻውን በአውራ ጣት ማውረድ አደገኛ ስለሆነ በጭራሽ አላደርገውም። ከተኩስ መስመር ስወጣ ካዝናው ይወጣል፣ የጎረሰው ይወጣል፣ ስላይዱ ክፍት ይሆናል። ቤት ውስጥ ሽጉጡ በቁልፍ ነው፤ ጥይቱ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ቁልፍ። ሕፃን ያለበትም የሌለበትም ቤት እኩል ነው። የጆሮ መከላከያም አይቀርም፤ የዚህ ጥይት ድምፅ 160 ዴሲቤል አካባቢ ይደርሳል፤ አንዴ የሄደ ጆሮ አይመለስም።

መለዋወጫን በተመለከተ ሁለት ነገር ገዝቼ አስቀምጫለሁ። አንዱ የስላይድ ማቆሚያው ነው። በዚህ ንድፍ ላይ አፈሙዙ ወደ ኋላ ሲመለስ የሚጋፋው ከእሱ ጋር ስለሆነ የሚሰበር ነገር ካለ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሁለተኛው ዋናው የስላይድ ሞላ ነው። ቀለሃዎቹ ከወትሮው ራቅ ብለው መውደቅ ሲጀምሩ ሞላው ደክሟል ማለት ነው፤ ያኔ እቀይረዋለሁ። ሁለቱም ለእኔ ቅጂ የተሠሩ ናቸው። የኦርጅናሉን ማቆሚያ ሞክሬ ዘንጉ በቀዳዳው ውስጥ ላላ ብሎብኛል። ስለዚህ ቅጂ ልትገዙ ያሰባችሁ ሰዎች ሻጩን ከዋጋው በፊት ይህን ጠይቁት፦ ለዚሁ ሞዴል የተሠራ ማቆሚያ፣ ሞላና ካዝና ዛሬ እጅህ ላይ አለ? የለም ካላችሁ ሌላውን ቅጂ እዩ።