አንድ መጽሐፍ፣ ብዙ ድምፅ፦ የትረካ መጽሐፍ ስንገዛ የትኛውን አተራረክ እንምረጥ?

የድምፅ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ርእሱን፣ ደራሲውንና ዋጋውን ነው፤ ተራኪው ማን እንደ ሆነ የሚያጣራው ከገዛ በኋላ፣ ያውም ማዳመጡ ሲሰለቸው ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ይሻላል። የታተመ መጽሐፍ የያዘ አንባቢ ፍጥነቱን ራሱ ይወስናል፤ ያልገባውን ዐረፍተ ነገር መልሶ ያነባል፤ የገጸ ባሕርያቱንም ድምፅ በልቡ ይሠራል። በትረካ ግን እነዚህን ሥራዎች ሁሉ ለሌላ ሰው አሳልፎ ስለሚሰጥ፣ ስምንትና ዐሥር ሰዓት በጆሮው የሚቆየው ያ ሰው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ከመጽሐፉ ይዘት ያልተናነሰ የግዥ ጉዳይ ይሆናል። ይህ ንጽጽር በጎንደርና በአካባቢዋ ያለ አድማጭን በማሰብ፣ በገበያ ላይ ያሉትን የአተራረክ ዓይነቶች ከዋጋ፣ ከምቾትና ከማዳመጫው ቦታ አንጻር ጎን ለጎን ያያል።

በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው፣ ተራኪው ድምፁን እምብዛም ሳይለዋውጥ፣ ሥርዐተ ነጥቡን ጠብቆ፣ ራሱን ከታሪኩ ኋላ አድርጎ በእርጋታ የሚያነብበት ነው። ሁለተኛው፣ ሽማግሌውን እንደ ሽማግሌ፣ ኮረዳዋን እንደ ኮረዳ እያናገረ ገጸ ባሕርያቱን በድምፁ የሚጫወትበት የተዋናይ ትረካ ነው። ከእነዚህ ሌላ በብዙ ተዋንያን የሚቀርብ ድራማዊ ትረካ፣ ደራሲው ራሱ የሚያነብበው ቅጂና በኮምፒውተር የሚሠራ ድምፅ አሉ።

እርጋታ ያለው ንባብ ወይስ የተዋናይ ትረካ?

በአማርኛ የተዋናይ ትረካ ሲነሣ መለኪያ ሆኖ የኖረው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬም ጉዱ ካሳ ሲነሣ የወጋየሁ ድምፅ በጆሮው የሚያቃጭልበት ሰው ጥቂት አይደለም። የዚህ ዓይነቱ ትረካ ጥቅሙም ጉዳቱም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ተዋናዩ የበቃ ከሆነ ገጸ ባሕርዩን ሥጋና ደም አልብሶ ያመጣዋል፤ አድማጩ ግን ከዚያ በኋላ ያንን ሰው በሌላ ድምፅ ሊያስበው አይችልም። ከዚህ ቀደም ያነበበውንና የራሱን ሥዕል በልቡ የሣለለትን መጽሐፍ በድምፅ ሊገዛ ለሚፈልግ ሰው እርጋታ ያለው ንባብ የተሻለ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መጽሐፉን ጨርሶ ለማያውቀው፣ በተለይም ምልልስ የበዛበት ልብ ወለድ ከሆነ፣ ጥሩ ተዋናይ የከፈለበትን ያስገኝለታል።

ችግሩ ጥሩ ተዋናይ ጥቂት፣ ተዋናይ ለመምሰል የሚሞክር ግን ብዙ መሆኑ ነው። ወንድ ተራኪ ለሴት ገጸ ባሕርይ ድምፁን ሲያቀጥን፣ ሐዘን ሁሉ ወደ ለቅሶ፣ ቁጣ ሁሉ ወደ ጩኸት ሲለወጥ፣ አድማጩ የሚያስበው ስለ ታሪኩ ሳይሆን ስለ ተራኪው ይሆናል። በአማርኛ ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም ያን ያህል አያስፈልግም። «መጣህ»፣ «መጣሽ»፣ «መጡ» የሚለው የግሡ መድረሻ ብቻውን ማን ለማን እንደሚናገር፣ በምን ዓይነት አክብሮት እንደሚያናግረውም ይነግረናል። ስለዚህ ተራኪው ድምፁን በጥቂቱ ዝቅና ከፍ ቢያደርግ፣ በተናጋሪዎቹ መካከልም ለአፍታ ቢያርፍ በቂ ነው። በእኔ ግምት አብዛኛው ገዥ ሊፈልገው የሚገባው ይህን መካከለኛውን ነው፦ አንድ ተራኪ፣ ገጸ ባሕርያቱን በጥቂቱ የሚለይ፣ ትወና የማያበዛ።

ከትወናው በላይ ደስታን የሚያበላሸው ወይም የሚያሳምረው የእስትንፋስ አያያዝ ነው። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ግሡን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ በረዥም ዐረፍተ ነገር አድማጩ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና ሁኔታውን ሁሉ ተሸክሞ ማሰሪያውን ይጠብቃል። ተራኪው አለቦታው ከተነፈሰ ሸክሙ ይበተናል። ናሙና ስትሰሙ «ነበር» የሚለውን ቃል ተከታተሉ፦ ብዙ ተራኪዎች እስትንፋሳቸው ስለሚያልቅ «ነ» ላይ ደርሰው ቀሪውን ይውጡታል፤ ነገሩ ያለፈ ይሁን ያለ የምናውቀው ግን በዚያች ቃል ነው። ጥሩ ተራኪ በየነጠላ ሰረዙ ድምፁን አንጠልጥሎ ያቆየውና በአራት ነጥቡ ላይ ያሳርፈዋል። በዚህ ረገድ የጎንደር ጆሮ ቀላል ዳኛ አይደለም። በየአድባራቱ ባሉ የአብነት ትምህርት ቤቶች ንባብ ቤት የገባ ተማሪ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ ብሎ ቃሉ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ እየለየ ስለሚያድግ፣ ሥርዐቱ የግእዝ ቢሆንም፣ በአማርኛ ትረካ የተሰበረ ንባብ ሲሰማ ወዲያው ይጎረብጠዋል። እንዲህ ያለ አባት በቤታችሁ ካሉ፣ ናሙናውን አብረዋችሁ እንዲሰሙ ማድረግ ከማንኛውም የደንበኞች አስተያየት ይበልጣል።

የት ሆነን ነው የምንሰማው?

ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሚኒባስ የሚሄድ ሰው የሞተሩን ድምፅ፣ የሹፌሩን ሙዚቃና የጎረቤቱን የስልክ ወሬ ተቋቁሞ ነው የሚያዳምጠው። የተዋናይ ትረካ እዚህ ይሸነፋል፤ ምክንያቱም በሹክሹክታና በጩኸት መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። ሹክሹክታውን ለመስማት ድምፁን ስንጨምር፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጩኸት ጆሮ ይበሳል። ሙያው ይህን ስለሚያውቅ መለኪያ አለው፤ ለምሳሌ ኤሲኤክስ የተባለው የአማዞን የድምፅ መጽሐፍ ማዘጋጃ፣ የቅጂው አማካይ የድምፅ ኃይል ከ23 ዴሲቤል እስከ 18 ዴሲቤል ከዜሮ በታች ባለው መካከል እንዲሆን (ዴሲቤል የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው፤ ዜሮ ቅጂው ሊይዘው የሚችለው የድምፅ ጣሪያ ነው)፣ ንግግር በሌለበት ጊዜ የሚሰማው የክፍሉ ጫጫታም ከዜሮ በታች ከ60 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ያዝዛል። ገዥው ዴሲቤል መለካት አይጠበቅበትም። በናሙናው ውስጥ የድምፁን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ለመንካት ከተገደደ ያ ቅጂ ለመንገድ አይሆንም።

ቤት ውስጥ ነገሩ ይለወጣል። ቡና እየቆሉ ወይም ልብስ እያጠቡ በስልኩ በራሱ ድምፅ ማጉያ ለሚሰሙ ሰዎች የተዋናዩ ሕይወት ያለው ድምፅ ሐሳብ ሲበተን መልሶ የመሰብሰብ ኃይል አለው፤ ወጥ የሆነው ንባብ ግን ከጭስና ከጨዋታ መካከል ይጠፋል። ማታ መብራት አጥፍቶ ለሚያዳምጥ ደግሞ ወጡ ንባብ ይመረጣል፤ በመካከሉ እንቅልፍ ቢወስደውም የሚቀሰቅሰው ጩኸት የለም።

ሌሎቹ ሦስቱ

ድራማዊው ትረካ በሙዚቃ፣ በፈረስ ኮቴና በበር መንጓጓት የታጀበ ነው። ለአጭር ልብ ወለድና ለልጆች ተረት ያምራል። ለረዥም መጽሐፍ ግን አልመክረውም፤ ማጀቢያ ሙዚቃው በመጀመሪያው ምዕራፍ ቢያስደስትም በአምስተኛው ያሰለቻል፤ ፍጥነቱንም ከፍ ማድረግ የማይታሰብ ነው፤ ሙዚቃው ይንጫጫልና። የዳታ ወጪም አለው። ለንግግር ብቻ የሚበቃው በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት የተቀዳ ድምፅ በሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል ሲወስድ፣ ለሙዚቃ ሲባል በ128 የተቀዳው ከ57 ሜጋባይት በላይ ይወስዳል። የዐሥር ሰዓት መጽሐፍ ቢሆን አንዱ 288፣ ሌላው 576 ሜጋባይት ማለት ነው።

ደራሲው የሚያነብበው ቅጂ ለግለ ታሪክና ለትዝታ መጽሐፍ የሚተካ የለውም። «እኔ» የሚለው ቃል ከባለቤቱ አፍ ሲወጣ ክብደቱ ሌላ ነው፤ የትውልድ አገሩ አነጋገርም አብሮ ይመጣል። ለልብ ወለድ ግን ደራሲ መሆን ተራኪ አያደርግም፤ መጽሐፉን አሳምሮ ስለሚያውቀው የሚቸኩል ደራሲ ብዙ ነው።

የኮምፒውተሩን ድምፅ በንቀት ማለፍ አይገባም። ማይክሮሶፍት መቅደስና አምሃ የሚባሉ የአማርኛ ድምፆች አሉት፤ በኤጅ ማሰሻው «ጮክ ብሎ ማንበቢያ» አማካይነት ያለ ክፍያ መጠቀም ይቻላል። ለማስታወቂያ፣ ለጋዜጣና ለትምህርት ጽሑፍ ሥራውን ይሠራል፤ አይደክመውም፤ ዐረፍተ ነገር አይውጥም። የሚሰናከለው ፊደላችን በማያሳየው ነገር ላይ ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜን፣ ሲጠብቅ በዓልን ያመለክታል፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። ሰው ከዐውዱ ተረድቶ ያነበዋል፤ ማሽኑ ግን አንዳንዴ ይስታል፤ አድማጩም ቆም ብሎ እንዲያርመው ይገደዳል። ከዚህም ሌላ ለሠርጉም ለለቅሶውም አንድ ዓይነት ድምፅ ስላለው ልብ ወለድ በእርሱ ማዳመጥ ታሪኩን ማወቅ እንጂ መደሰት አይሆንም። ስለዚህ በገንዘብ የሚሸጥ ልብ ወለድ በኮምፒውተር ድምፅ የተሠራ ከሆነ አትግዙት፤ ያንኑ በነፃ ታገኙታላችሁና።

የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ለሚፈልግ

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በማራኪም ሆነ በቴዎድሮስ ግቢ ያለ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚያመዛዝነው በሁለት ምንጮች መካከል ነው። ኦዲብል በ1995 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ ከ2008 ጀምሮ በአማዞን ሥር ያለ ድርጅት ሲሆን፣ ተራኪዎቹ ባለሙያዎች ናቸው፤ ከመግዛት በፊትም ናሙና ያሰማል። ክፍያው ግን በውጭ ምንዛሪ ስለሚፈጸም ለእኛ ተማሪ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ካርዱም ችግር ነው። ሊብሪቮክስ በ2005 እ.ኤ.አ. የተጀመረ የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ነው፤ የቅጂ መብታቸው ያበቃ መጻሕፍትን በነፃ ያቀርባል። አነባበቡ ግን እንደ አንባቢው ነው፤ በቡድን የተነበበ መጽሐፍ ከሆነ አንዱን ምዕራፍ ጥርት ያለ ድምፅ፣ ቀጣዩን ደግሞ ከጓዳ የተቀዳ የሚመስል ድምፅ ሊያነብበው ይችላል። መፍትሔው በመጽሐፉ ገጽ ላይ በአንድ ሰው ብቻ የተነበበ መሆኑን አይቶ ማውረድ ነው። በአስተማሪ አነጋገር የለመደ ጆሮ የማያውቀው የእንግሊዝኛ ዘዬ ሲገጥመው የመጀመሪያውን ሰዓት የሚያጠፋው ድምፁን በመልመድ ስለ ሆነ፣ ዘዬውን አስቀድሞ መምረጥ አድማጮች ለመጽሐፉ የሰጡትን የኮከብ ብዛት ከማየት ይጠቅማል።

ናሙናውን እንዴት እንስማ?

የአገር ውስጥ መተግበሪያዎችም ሆኑ የውጭዎቹ የሚያቀርቡት ናሙና አብዛኛውን ጊዜ የመጽሐፉ መጀመሪያ ነው፤ መጀመሪያውን ደግሞ ማንኛውም ተራኪ አሳምሮ ያነበዋል። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ከመካከል፣ በተለይ ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበትን ቦታ ፈልጋችሁ ስሙ። ከዚያም ፍጥነቱን ወደ 1.25 ከፍ አድርጉት። ረጋ ብሎ አጥርቶ የሚያነብ ተራኪ በዚህ ፍጥነትም ቃሉ አይደባለቅም፤ የመጽሐፉ ርዝመት በአምስተኛ ይቀንስላችኋል። ቃላቱ ከተደበላለቁ ተራኪው ድሮውንም አያጠራም ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ናሙናውን በተለመደው ማዳመጫችሁና በተለመደው ቦታችሁ ስሙት፤ ጸጥ ባለ ክፍል ጥሩ ማዳመጫ አድርጎ የመረጠ ሰው ፒያሳ ሲደርስ ሐሳቡን ይለውጣል።

ሚሞሪ የሚጭኑ ሱቆች በትንሽ ብር ብዙ ትረካ ይሰጣሉ። እዚህ ላይ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መኖሩን ማስታወስ ተገቢ ነው፤ መብቱ የደራሲው ብቻ ሳይሆን በድምፁ የከወነው ተራኪም ነው። መብቱን ትተን ጥራቱን ብንመለከትም፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀዳ የተጨመቀ ፋይል «ሰ»ን ያፏጫል፣ «ጸ»ንና «ጠ»ን ያደነዝዛል፤ ጥሩ ተራኪም በእንዲህ ያለ ቅጂ መጥፎ ይመስላል።

ዐይናቸው ለደከመ አባት ወይም እናት የሚገዛ ሰው መካከለኛውን ተራኪ መርጦ፣ ምዕራፎቹ በየራሳቸው ፋይል የተለዩ መሆናቸውን ያረጋግጥ። ሽማግሌ ሰው ካቆመበት ለመቀጠል በስልክ ላይ ጣቱን እየጎተተ ደቂቃ አይፈልግም፤ «ሦስተኛውን ክፈትልኝ» ነው የሚለው። ኔትወርክ በሌለበት ቀንም እንዲሠራ አስቀድሞ ማውረድ፣ ፍጥነቱንም ባለበት መተው ይገባል።