ትግል ወይስ ቴኳንዶ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ወላጆች

ቴኳንዶን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። «የትግል ክለብ» ሲባል ግን እናት ትደነግጣለች፤ ድብድብ ይመስላታል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። በነፃ ትግል ቡጢም እርግጫም የለም። የተጋጣሚን ሁለት ትከሻ ምንጣፍ ላይ ካስነካህ አለቀ። ጭንቅላትን በእግር መምታት ነጥብ የሚያስገኘው ቴኳንዶ ውስጥ ነው።

ወጪውስ? ቴኳንዶ የደንብ ልብስ አለው፣ ቀበቶ በተቀየረ ቁጥርም የፈተና ክፍያ ሊኖር ይችላል። ለትግል ጀማሪ ቁምጣና ቲሸርት ይበቃዋል። ጫማው ቆይቶ ይደርሳል።

የትግል ጣጣው ቆዳ ነው። ልጆቹ ተቃቅፈው ነው የሚውሉት፤ ጭርት ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ክንዱ ላይ ክብ፣ ጠርዙ ቀላ ያለ ነገር ካያችሁ እስኪታከም አትላኩት። ጥፍሩን ቁረጡለት። ከልምምድ በኋላ ይታጠብ፤ የደሴ ብርድ ሰበብ አይሆንም። ለምዝገባ ስትሄዱም ምንጣፉ በየስንት ጊዜው በበረኪና እንደሚወለወል ጠይቁ። አሰልጣኙ ከተኮሳተረ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ሁለቱም ውድድር በኪሎ ነው። ሕፃን ልጅን «ኪሎ ቀንስ» የሚል አሰልጣኝ ካጋጠማችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። በረመዳን ወይም በሁዳዴ የሚጾም ከሆነ ደግሞ የልምምዱን ሰዓት ቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

እኔን ከጠየቃችሁ፣ ደህና ምንጣፍ ካለ ትግል እመርጣለሁ። ሲሚንቶ ላይ ስስ ነገር አንጥፈው የሚያወዳድቁ ከሆነ ግን ቴኳንዶ ይሻላል።