የቦታ ካርታ በነጻ፦ ጉግል ኧርዝ ፕሮ፣ ኦርጋኒክ ማፕስ ወይስ የእጅ ጂፒኤስ?

«ካርታ አለው?»

ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት የሚፈልግ ሰው ደላላውን መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። ካርታ የሚለው ማኅተም ያረፈበትን የይዞታ ማረጋገጫ ነው። ማታ ደግሞ ለእኔ ይደውልና ስለ ሌላው ካርታ ይጠይቀኛል። «ያ በኮምፒውተር የምታየው ነገር ቦታው የማን እንደሆነ ያሳያል እንዴ? በስልክስ ይሠራል? ስንት ብር ነው?» ዘመድም ጓደኛም እየደጋገመ ስለሚጠይቀኝ አንዴ በደንብ ልጻፈው።

የማን እንደሆነ አያሳይም። ለእኛ አገር በነጻ የሚገኙት ካርታዎች ላይ የባለይዞታ ስም የለም። የወሰን መስመር፣ የባንክ ዕዳ፣ የፍርድ ቤት እግድም የለም። ያንን የምታገኙት ከተማ ከሆነ ከከተማው፣ ገጠር ከሆነ ከወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ነው። ነጻው ካርታ የሚነግራችሁ ስለ መሬቱ ራሱ ነው። የት እንዳለ፣ ስፋቱ ከተባለው ጋር ይቀራረብ እንደሆነ፣ ከ10 ዓመት በፊት ምን እንደነበረ። ይህም ብዙ ነው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ግማሹ እዚህ ውስጥ አለ።

የእኔ ምርጫ የመሬቱን የሳተላይት ምስል የሚያሳየው ፕሮግራም፣ ጉግል ኧርዝ ፕሮ ነው፤ የኮምፒውተሩ። የስልኩን አይደለም የምላችሁ።

ዋጋው ዜሮ ብር ነው። ይህን ደግሜ የምለው ሰው አሁንም ስለሚከፍልበት ነው። ድሮ በዓመት 399 ዶላር ነበር። ከጥር 2007 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ጉግል በነጻ ለቆታል። የአክስቴ ልጅ ይህን ሳያውቅ አንድ ኮምፒውተር ቤት ገብቶ «ክራክ የተደረገ» ብለው በፍላሽ ጫኑለት፤ 700 ብር ተቀበሉት። ፍላሹ ቫይረስ ነበረበት። ላፕቶፑን ፎርማት ለማስደረግ ሌላ 500 ብር ወጣ። በነጻ ለሚወርድ ነገር 1,200 ብር! ደውሎልኝ ቢሆን ከጉግል የራሱ ገጽ ላይ ዋይፋይ ባለበት ቦታ በደቂቃዎች ያወርደው ነበር። እናንተም ከዚያ ብቻ አውርዱ።

የዳታ ወጪውንም አስቡት፤ የሳተላይት ምስል ጥቅል ይበላል። እኔ የማደርገው ይህን ነው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄጄ የምፈልገውን ሰፈር ከፍቼ አጉልቼ፣ ዳር እስከ ዳር ቀስ ብዬ አየዋለሁ። ፕሮግራሙ ያየሁትን ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጠዋል። ቤት ስመለስ ያለ ኢንተርኔት ያንኑ ሰፈር መልሼ አየዋለሁ።

የእጅ ጂፒኤስ፣ ያለንበትን ቦታ ከሳተላይት የሚያነበውን መሣሪያ፣ ልግዛ የምትሉኝ አላችሁ። እባካችሁ አትግዙ። እኔ ገዝቻለሁ። የታወቀ ስም የተለጠፈበት፣ «ትንሽ ያገለገለ» የተባለ ነበር፤ 14,000 ብር። በሦስተኛው ወር የባትሪ ክዳኑ አልይዝ አለ፤ በላስቲክ አስሬ እይዘው ነበር። ቀጥሎ የኬብል መሰኪያው ላላ። ለጠጋኝ 1,800 ብር ከፈልኩ። ጠጋኙ ሲፈታው ውስጡ ያለው ሰሌዳ ውጪው ላይ የተጻፈው ስም እንዳልሆነ አሳየኝ። ቅጂ ነው። የሸጠልኝ ሰው ስልኩን አያነሳም። 15,800 ብር እንዲሁ ቀረ።

ደህናውን ብትገዙስ? ደህናው የእጅ ጂፒኤስ ሰማይ በተገለጠበት ቦታ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክም 5 ሜትር አካባቢ ነው። አሁን 200 ካሬ ቦታ አስቡ፤ 10 በ20። 5 ሜትር ስሕተት የጠባቡን ጎን እኩሌታ ማለት ነው። በዚህ ወሰን አይለካም። ወሰን የሚለካው በሴንቲሜትር የሚሠራ መሣሪያ ያለው ቀያሽ ነው። ለጂፒኤስ የምታወጡትን ብር ለቀያሽ አቆዩት።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። ሳይት ፕላን፣ ማለትም የቦታው ቅርጽ የተሳለበት ወረቀት ላይ የማዕዘኖቹ ኮኦርዲኔት (የት እንዳሉ የሚያሳየው ቁጥር) ተጽፎ ታያላችሁ። ደብረ ማርቆስ ከሆነ ኤክሱ 35 ወይም 36 ብሎ የሚጀምር ባለ6 አሃዝ፣ ዋዩ 114 ብሎ የሚጀምር ባለ7 አሃዝ ነው። ጉግል ኧርዝ ፕሮ ላይ ከምርጫዎቹ ዩቲኤም የሚለውን፣ ቦታን በሜትር የሚቆጥረውን፣ ታበራላችሁ። የቦታ ምልክት ትከፍታላችሁ። ዞን 37ፒ ብላችሁ ቁጥሩን ትሞላላችሁ። ነጥቡ ያርፋል። ግን የሰው ግቢ ውስጥ ያርፋል!

አንድ ጓደኛዬ በዚህ ምክንያት ከሻጩ ጋር ክፉኛ ተጣልቷል። «ሌላ ቦታ አሳይቶ ሌላ ቦታ ሊሸጥልኝ ነው» ብሎ ቀብዱን ሊያስመልስ ሽማግሌ ሰብስቦ ነበር። ሻጩ ምንም አላጠፋም። ነገሩ የመነሻ ልኬቱ፣ ማለትም ቁጥሩ ከየት እንደሚቆጠር የሚወስነው ነገር ልዩነት ነው። የአገራችን ልኬት ለረጅም ዘመን የተሠራው አዲንዳን በሚባለው መነሻ ነው። ጉግል፣ ስልኩም ጂፒኤሱም የሚሠሩት ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ነው። የአዲንዳኑን ቁጥር እንዳለ ጉግል ላይ ስትጽፉት ነጥቡ ወደ ደቡብ ምዕራብ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በእኛ አካባቢ ኤክሱ ላይ 90 ገደማ፣ ዋዩ ላይ 210 ገደማ ጨምሩና እንደገና አስገቡት። ነጥቡ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህ ቦታውን ለማግኘት እንጂ ችካል ለመትከል አይሆንም። ሳይት ፕላኑ በየትኛው መነሻ እንደተሠራ ደግሞ ቀያሹን ጠይቁት፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ጓደኛዬና ሻጩ በመጨረሻ ታርቀዋል። ግን አንድ ወር ሙሉ አልተነጋገሩም ነበር።

ጉግል ኧርዝ ፕሮን ከሁሉም የምወድበት ምክንያት የዓመታቱ ምስል ነው። ላይኛው ሰሌዳ ላይ ያለችውን የሰዓት ምልክት ስትጫኑ የድሮ ምስሎች እየተደረደሩ ይመጣሉ። ሻጩ «ቤቱ 20 ዓመት ሆኖታል» ካላችሁ ወደኋላ ሄዳችሁ እዩት። ባዶ ጤፍ ማሳ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ከተማ ዳር ላይ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አይሸጥም አይለወጥም፤ የምትገዙት ቤቱን ነው። ትናንት ማሳ የነበረ ቦታ ላይ ዛሬ ቤት ካያችሁ እንዴት ወደ ከተማ ቦታነት እንደተለወጠ ወረቀቱን ጠይቁ። የጨረቃ ቤት ገዝቶ እንደገና ኪራይ የገባ ዘመድ አለኝ፤ ያጠራቀመው ሁሉ ሄዶበታል።

ውሃንም በዚህ ነው የምታውቁት። የጎጃም የሳተላይት ምስል አብዛኛው የበጋ ነው፤ ክረምቱን ሁሉ ደመና ይሸፍነዋልና። ስለዚህ ሐምሌ ላይ የሚዋጠው ቦታ ምስሉ ላይ ደረቅና ደልዳላ መስሎ ይታያል። እኔ የምፈልገው በየካቲትና በመጋቢት ምስል ዙሪያው ሁሉ ቡኒ ሆኖ ሳለ አረንጓዴ የሚቀረውን ነው። ባሕር ዛፍ ወይም በመስኖ የለማ ካልሆነ እዚያ ሥር ውሃ አለ። አንድ ጊዜ ጨሞጋ ወንዝ አቅጣጫ እንዲህ ያለ ቦታ አይቼ ሄድኩና አንድ አባት ሳር ሲያጭዱ አገኘኋቸው።

«አባባ፣ ይቺ ቦታ ክረምት እንዴት ናት?»

«ልጄ፣ ይኸ እኮ ጨፌ ነው። በሐምሌ ከብት እንኳ አይገባበትም።»

ደላላው «ለግንባታ የተመቸ» ብሎ የነገረኝ ቦታ ነው።

አዊ ዞን የምትሄዱ ሰዎች አንድ ነገር ተጠንቀቁ። እዚያ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ በየጥቂት ዓመቱ ተተክሎ ለከሰል ይቆረጣል። በአንዱ ዓመት ደን የሚመስለው በሌላው ዓመት ማሳ ነው። አንድ ምስል ብቻ አይታችሁ አትወስኑ።

ድክመቱንም ልናገር። የተለያየ ዓመት ምስሎች እርስ በርስ በትክክል አይገጥሙም። ያው ቤት ጥቂት ሜትር ተንቀሳቅሶ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ምስሉ ላይ መስመር አስምራችሁ «ጎረቤቴ 2 ሜትር ወስዶብኛል» ብላችሁ እንዳትከሱ። የስፋት መለኪያው ግን ይረዳል። 300 ካሬ ተብሎ 180 ከወጣ ጥያቄ አለ። 290 ከወጣ ችግር የለም። ለገጠሩም ይሠራል፤ አንድ ጥማድ በግምት ሩብ ሄክታር፣ 2,500 ካሬ ነው ብላችሁ አስሉት።

ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባለው የስልክ ካርታ ሌላ ጥቅም አለው። ነጻ ነው፤ ማስታወቂያም የለውም። ካርታውን አንዴ ካወረዳችሁት ኢንተርኔት አይፈልግም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ መንገድ የማየው በእሱ ነበር። መረጃው የሚመጣው በ2004 እ.ኤ.አ. ከተጀመረውና በጎ ፈቃደኞች ከሚሞሉት ኦፕን ስትሪት ማፕ ነው። ስለዚህ ሰው የሞላው ከተማ ጥሩ ነው፤ ያልሞላው ባዶ ነው። ባሕር ዳር ላይ ጎዳናውን ሁሉ ታገኛላችሁ። ትንሽ ቀበሌ ስትገቡ አንድ መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል። የሳተላይት ምስል የለውም፤ የድሮውን ምስልማ ጭራሽ። ቦታውን ኮምፒውተር ላይ መርምራችሁ ስትጨርሱ ነጥቡን ስልኩ ላይ አስቀምጣችሁ በእግር ለመሄድ ግን ከእሱ የተሻለ አላየሁም።

ሴንቲኔል 2 የሚባለውን የአውሮፓ ሳተላይት የጠየቃችሁኝም አላችሁ። በየ5 ቀኑ አዲስ ምስል አለው፤ ነጻ ነው። ግን አንዷ ነጥብ 10 በ10 ሜትር ናት። 200 ካሬ ቦታችሁ ሁለት ነጥብ ይሆናል። ለሰብል ጥሩ ነው፤ ለቤት ቦታ አይረባም።

አሁን ቦታ እያያችሁ ያላችሁ ካላችሁ፣ ደላላው ነገ ይዟችሁ ከመሄዱ በፊት የሳይት ፕላኑን ፎቶ በቴሌግራም እንዲልክላችሁ ጠይቁት። ሳይት ፕላኑ በአዲንዳን የተሠራ ከሆነ ዛሬ ማታ 90ውንና 210ሩን ጨምራችሁ ነጥቡን አስቀምጡ። ስፋቱን ለኩ፤ የድሮውን ምስል እዩ። ፎቶውን አልልክም ካለ ቀብድ አትስጡት።